ለኦጌር የሚሰጥ ምግብ፦ ከድስት ሳይሆን ከከረጢት

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት አይደለም። ልጆቻችን በየቤቱ ስለሚያሳድጉት አንድ ትንሽ እንስሳ፣ በዕብራይስጥ ኦጌር፣ በሌላው ዓለም ሃምስተር ስለሚባለው ነው። ርዕሱ ለጤና ገጽ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንስሳው የሚበላው ምግብ፣ ልጆች ከሜዳ ቀጥፈው የሚያመጡት ቅጠልና ነፍሰ ጡር እናት የምታጸዳው የእንስሳው ቤት ሁሉም የቤተሰቡን ጤና ይነካሉ።

እንደሚታወቀው በሽኩና ሄ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በፎቅ ቤት ነው። ውሻ ለማሳደግ ቦታው ይጠባል። ስለዚህ ልጁ በትምህርት ቤቱ ፒናት ሐይ ያየውን ኦጌር እንዲገዛለት ይለምናል፤ አለዚያም ለበዓል ዕረፍት በአደራ ተቀብሎ ከነክሉቩ (ከነሽቦ ቤቱ) ይዞት ይመጣል። በዚህ ጊዜ አያቶች የሚሉትን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ይኸ እኮ አይጥ ነው! አይጥ ቤት ውስጥ ይቀለባል እንዴ?»

አያቶቻችን የተናገሩት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አይጥ ከርኩሳን ፍጥረታት መካከል ተቆጥሯል፤ ወላጆቻችንም በአገር ቤት የንጽሕናን ሥርዓት አጥብቀው ይዘው ኖረዋል። ሆኖም የማይበላ እንስሳ ሁሉ አይቀለብም ማለት አይደለም። አህያም ፈረስም አይበሉም፤ ያለ እነርሱ ግን የጎንደር ገበሬ ምን ይሠራ ነበር? ይህን ስናስረዳ ብዙ አያቶች ይለሳለሳሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ነፍስ ተርቦ አይደር የሚለው ልማዳችን ይነሣና ለእንስሳው ከማዕድ ማካፈል ይጀመራል። እንጀራ፣ የሽሮ ቅሪት፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ተምር፣ ባምባ ይሰጠዋል። እንስሳውን በልቡ የናቀው ማንም የለም፤ ታሞ የሚሞተው ግን በዚህ መንገድ ነው። ልጁም ያለቅሳል።

ደስ የሚለው ነገር ለኦጌር ከሚመቹ ምግቦች ብዙዎቹ በእኛ ቤት መኖራቸው ነው። ያሉት በድስቱ ውስጥ ሳይሆን በእህሉ ከረጢት ውስጥ ነው።

ከስንዴ ማሳ የወጣ እንስሳ

ለምን እህል ተመረጠ ለሚለው የእንስሳው ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሚቀለበው ወርቃማው ኦጌር (ኦጌር ዛሁቭ) የመጣው ከእኛ አካባቢ ነው። በ1930 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በሚያዝያ ወር፣ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተመራማሪ የነበሩት ይሥራኤል አሃሮኒ በሶርያ በሐለብ ከተማ አጠገብ አንድ የስንዴ ማሳ አስቆፍረው ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አንዲት እናት ከ11 ግልገሎቿ ጋር አገኙ። ከዚያ ጉዞ የተረፉት ጥቂቶቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ ተራቡ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ከ100 በላይ ሆኑ። በ1931 አንዳንዶቹ ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ ከዚያም ወደ ሌላው ዓለም ተሠራጩ።

እንስሳው እንዲፈለግ የጠየቁት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሐኪምና ተመራማሪ ሳውል አድለር ናቸው። አድለር ያጠኑት የነበረው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን የሌሽማንያ በሽታ ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ አንዱ ካላዛር ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ያለፈ ሰው ካላዛር ምን እንደሆነ አይረሳም። የቆዳው ዓይነት፣ በአገር ቤት ቁንጭር የምንለው፣ እዚህ በኔጌቭም አለ። ኦጌር የቤት እንስሳ ከመሆኑ በፊት ለዚህ በሽታ ምርምር ያገለገለ መሆኑን አያቶች ሲሰሙ ትንሽ ያከብሩታል ብለን እናስባለን።

ኦጌር የሚለው የዕብራይስጥ ስም «የሚያከማች» ማለት ነው። በአማርኛ «አጎረ» ከምንለው ጋር ለጆሮ ይቀራረባል። እንስሳው በሁለቱ ጉንጮቹ በኩል እስከ ትከሻው የሚደርስ ኪስ አለው። ያገኘውን እህል በዚህ ኪስ ሞልቶ ወደ ጎሬው ይወስድና ጎተራ ያበጃል። ይህን ልማድ ያላወቀ ሰው ሁለት ነገሮችን ይሳሳታል። አንደኛ፣ ሣህኑ ባዶ ሲሆን «በልቶ ጨረሰ፣ ራበው» ብሎ ይጨምርለታል፤ ምግቡ ግን የተበላ ሳይሆን የተከማቸ ነው። ሁለተኛ፣ እርጥብ ነገር ሲሰጠው እዚያው ጎተራው ውስጥ ይሻግታል፤ እንስሳውም ከሦስት ቀን በኋላ የሻገተውን ይበላል።

ምን ያህል ይበቃዋል?

ወርቃማው ኦጌር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ግራም ይመዝናል። በቀን የሚበቃው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ማለትም 10 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ነው። ትንንሹ ዓይነት (ኦጌር ሲቢሪ) ከ30 እስከ 50 ግራም ብቻ ስለሚመዝን አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። የዕለት ምግቡ በእንስሳት መደብር ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ይሁን። ከቤት የምንጨምርለት ከዚህ ላይ ለደስታውና ለሥራው የሚሆን ጥቂት ነገር ሲሆን፣ ከዕለት ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን ማለፍ የለበትም።

«አንድ ኦቾሎኒ ምን ያደርገዋል?» የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። 24 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከአንድ 120 ግራም ከሚመዝን ኦጌር 200 ጊዜ ይከብዳል። ግማሽ ግራም የሚያህል አንድ የኦቾሎኒ ፍሬ ለኦጌሩ መስጠት እንግዲህ ለልጁ 100 ግራም ኦቾሎኒ በአንድ ጊዜ እንደማብላት ነው። ቀኑን ሙሉ አሥር ጊዜ የሚሰጥ ልጅ ደግሞ አንድ ኪሎ አበላው ማለት ነው።

ከከረጢቱ የሚወጣው

ከእኛ እህሎች ለኦጌር ቅድሚያ የምንሰጣቸው ዳጉሳና ማሽላ ናቸው። ሁለቱም ደረቅ፣ ቅባታቸው ዝቅተኛ፣ ፍሬያቸውም ለእጁ የሚመች ነው። የማሽላ ዛላ ከነፍሬው ቢገኝ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ክሉቩ ውስጥ ቢያቆሙለት እየተንጠላጠለ ሲለቅም ያመሻል። ጤፍም ይሆናል። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ጥቂት ቆንጥሮ ሰጋቱራው ላይ መበተን ለረጅም ጊዜ ሥራ ይሰጠዋል፤ በተለይ ትንንሾቹ ዓይነቶች ደቃቅ ዘር ይወዳሉ። ስንዴና ገብስም ጥሬያቸውን ይበላሉ። የገብስ ቆሎ ያለ ጨውና ያለ ቅቤ የተቆላ ከሆነ ሦስት አራት ፍሬ ቢሰጡት ችግር የለበትም።

ኑግ፣ ሱፍና ተልባ ቅባታቸው ብዙ ነው። ኦጌር ሲያገኛቸው ሌላውን ትቶ እነርሱን ብቻ ይመርጣል፤ ልክ ልጅ ከሰላጣው ይልቅ ከረሜላውን እንደሚመርጠው። በመሆኑም ከእነዚህ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ በሁለት ጣት የተቆነጠረ ብቻ ይበቃል። ከሹክ የምንገዛው ጋርኢኒም ብዙውን ጊዜ በጨው የተቆላ ስለሆነ አይሰጥም። ያልተቆላና ጨው የሌለው የዱባ ወይም የሱፍ ፍሬ ተፈልጎ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይሰጥ። ኦቾሎኒ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ቀለሙን ይመልከት። የሻገተ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ለሰውም ጭምር ነው። ለእኛ የማይሆን የሻገተ እህል ለእንስሳው ይሁን ማለት ተገቢ አይደለም።

ከጥራጥሬ ጥንቃቄ የሚሹ አሉ። ጥሬ ቦሎቄ ለሰውም ለእንስሳም መርዛማ ነው። ጓያ እግር እንደሚያሽመደምድ ከአገር ቤት የምናውቀው ነውና ለኦጌርም አይሰጥ። ግብጦም፣ እዚህ ቱርሙስ የሚሉት፣ መራራው መርዝ ስላለው ሰው እንኳ የሚበላው ለቀናት በውኃ ዘፍዝፎ ነው፤ ከኦጌር መራቅ አለበት። ያለ ጨው የተቀቀለ አንድ የምስር ወይም የሽምብራ ፍሬ ግን አልፎ አልፎ ይቻላል።

ይፈልግ፣ ይሥራበት

ብዙ ቤት ውስጥ ምግቡ በሣህን ተሞልቶ ይቀርብለታል። ይህ እንስሳ ግን ለፍለጋ የተፈጠረ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እየተዘዋወረ ለቅሞ የሚኖር። ሥራ ሲያጣ ሽቦውን ሲያኝክና ጥግ ለጥግ ሲመላለስ ያድራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማታ ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ከዕለት ምግቡ ግማሹን ሰጋቱራው ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች ይደብቁለት። የሽንት ቤት ወረቀት ያለቀበትን የካርቶን ቱቦ ወስደው ጥቂት ዳጉሳ ከተው ሁለቱን ጫፍ ቢያጥፉት እስኪቀድደው ድረስ ይታገላል። ይህ ለልጁም ትምህርት ነው፤ በእጅ እየሰጡ ከማወፈር ይልቅ ደብቆ ሲያገኝ ማየት ይበልጣል። ቱቦው ላይ ሙጫ ብዙ ካለ፣ ሽቶ ከተቀባ ወይም ከረጠበ ግን ይጣል።

ከድስቱ የማይወጣው

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደም ይጎዳሉ፤ እነርሱ የሌሉበት ወጥ ደግሞ በእኛ ቤት የለም። በርበሬ፣ ጨውና ቅቤም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ለኦጌር አይሆንም። ወጥ ያልነካው እንጀራስ? እርጥብና ተጣባቂ ስለሆነ በጉንጩ ኪስ ውስጥ ተለጥፎ ሊቀር፣ ቁስልም ሊያስከትል ይችላል። የደረቀ ድርቆሽ የጥፍር ያህል ቢሰጠው አይገድለውም፤ ጥቅም ግን የለውም። ሊጥ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ሆዱ ውስጥ ሊነፋ ይችላል።

ቡና ሲፈላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡናም ሻይም ቸኮላታም ለዚህ ትንሽ ልብ መርዝ ናቸው። ከቡናው ጋር ከሚቀርበው ውስጥ ያለ ጨውና ያለ ዘይት የፈነዳ አንድ ፈንዲሻ ብቻ ይቻላል፤ ዳቦ ቆሎ አይቻልም። የከሰልና የዕጣን ጢስ ደግሞ ሳንባውን ስለሚጎዳ ክሉቩ ቡና ከሚፈላበት ክፍል ይውጣ። ጤና አዳም በረንዳ ላይ የሚያበቅሉ ወገኖች ቅጠሉን ለኦጌር እንዳይሰጡ እናሳስባለን። ለሰው መድኃኒት ነው እየተባለ ቢነገርም የሚያቃጥልና መርዛማ ባሕርይ አለው፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ልትጠነቀቀው የሚገባ ቅጠል ነው። በሶብላ ግን አንድ ቅጠል ቢቀምስ አይጎዳውም።

ጣፋጭን በተመለከተ፣ ትንንሾቹ ኦጌሮች በቀላሉ የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። አዘውትሮ ውኃ የሚጠጣና ሰጋቱራውን ቶሎ ቶሎ የሚያርስ ኦጌር በዚህ ይጠረጠራል። ለእነርሱ ተምር፣ ዘቢብና ሙዝ ጨርሶ ባይሰጥ ይሻላል። ለወርቃማው በሳምንት አንድ ጊዜ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ፖም ይበቃዋል፤ የፖም ፍሬው፣ የሚሽሚሽ አስኳልና መራራ ለውዝ ግን ሲያናይድ የሚያመነጩ ስለሆኑ አይነኩ። በቱ ቢሽቫት ልጆች የደረቀ ፍራፍሬ ከረጢታቸውን ይዘው ሲመጡ ይህን አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። ብርቱካንና ሎሚም ለሆዱ ይኮመጥጡታል።

አትክልትና የሜዳ ቅጠል

ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ጋምባ፣ ብሮኮሊ፣ ቀጭን የካሮት ቁራጭ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የልጅ ጥፍር ያህል ይሰጠው። በቤር ሼቫ የበጋ ሙቀት ኪያር ውኃም ይሆነዋል፤ የውኃ ጠርሙሱን ግን አይተካም። አንድ አትክልት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ብቻውን ይሰጥና ሁለት ቀን ይጠበቅ። የቀረው በማግሥቱ ከጎተራው ይወገድ። ጥሬ ድንች፣ የቲማቲም ቅጠልና አቮካዶ አይሰጡም።

በክረምት ዝናብ ከጣለ በኋላ በየሜዳው የሚበቅለውን ኹቤዛ ሁላችሁም አይታችሁታል። በአገር ቤት ልት የምንለው ቅጠል ዘመድ ነው። ኢየሩሳሌም በ1948 በተከበበች ጊዜ ሕዝቡ ቀቅሎ የበላው እርሱን ነው። ለኦጌርም አንድ ትንሽ ቅጠልና አበባው ይስማማዋል። የሚቀጠፍበት ቦታ ግን ከመኪና መንገድ የራቀ፣ ውሻ የማይሸናበት፣ የአረም መድኃኒት ያልተረጨበት መሆን አለበት። በሰፈራችን በሕንፃዎች መካከል ያለው ሣር ብዙ ጊዜ እነዚህን አያሟላም። ስለዚህ በአበባ ማሰሮ አፈር አድርጎ ጥቂት ስንዴ ወይም ገብስ በመስኮት ላይ መዝራት ከሁሉ ይሻላል፤ በሳምንት ውስጥ ለምለም ቡቃያ ይወጣል፣ ከየት እንደመጣም ይታወቃል።

የሚቀጥለው ለኦጌሩ ብቻ ሳይሆን ለልጁም ጭምር ነውና በጥሞና እንድታነቡ እንጠይቃለን። ልጅ «ለኦጌሬ» ብሎ ሲቀጥፍ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በወንዝ ዳር የሚበቅለው ጉሎ (ኪኪዮን) ለምጣድ ማሰሻ ያገለግል ስለነበር እናቶች ያውቁታል። ዝንጉርጉር ፍሬው ያማረ ቢሆንም ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው፤ ልጅ አኝኮ ከዋጠው ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። በየመናፈሻው ለጌጥ የተተከለው ሮዝና ነጭ አበባ ያለው ሃርዱፍ ቅጠሉም ግንዱም ልብ ይመታል። ላንታና፣ አስተናግር (ዳቱራ)፣ በፌብሩዋሪ አካባቢ በሰሜን ኔጌቭ የሚያብቡት ቀይ ካላኒዮትም ለመብል አይሆኑም፤ ካላኒዮትን መቅጠፍ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ልጅ ከእነዚህ አንዱን ከዋጠ እስኪያመው ሳይጠብቁ በ101 ወደ ማዳ ይደውሉ። በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል የሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከልም ቀንና ሌሊት ይመልሳል። ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ይረዳዋል። ልጆች ስሙን የማያውቁትን ተክል እንዳይቀጥፉ ማስተማር ከሁሉ ይቀድማል።

ፋሲካ ሲደርስ

በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የኦጌር ምግብ ስንዴ፣ ገብስና አጃ ስላለበት የሐሜጽ ጉዳይ ይነሣል። ወላጆቻችን ከበዓሉ ቀደም ብለው ከእርሾ ይታቀቡ እንደነበር፣ ዕቃውንም ሁሉ እንደሚያጸዱ እናስታውሳለን። ታዲያ በሰጋቱራው ሥር የስንዴ ጎተራ ያበጀ እንስሳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቤቱ ጸዳ ይባላል? ሰው በሻማ የሚፈልገውን ቁራሽ ኦጌሩ ሰባት ቦታ ቀብሮታል።

የሃይማኖቱን ሥርዓት ቄሳችሁን ወይም ራቢያችሁን ጠይቁ፤ አንዳንድ ቤተሰብ እንስሳውን ከነምግቡ ለበዓሉ ወደ ሌላ ሰው እንደሚያስተላልፍም እናውቃለን። እኛ የምንናገረው ስለ ጤናው ነው። ከአምስቱ የሐሜጽ እህሎች ውጭ ያሉት ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ የሱፍና የዱባ ፍሬ፣ ከአትክልት ጋር ሆነው ኦጌርን ለበዓሉ ሳምንት ሊያቆዩት ይችላሉ። ስለ ፕሮቲን የተቀቀለ እንቁላል የጥፍር ያህል በሁለት ቀን አንዴ ይጨመር። ትልቁ ስሕተት ምግቡን በአንድ ሌሊት መለወጥ ነው፤ ድንገተኛ ለውጥ ተቅማጥ ያመጣበታል። ከበዓሉ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀደም ብሎ አዲሱ ምግብ ከቀድሞው ጋር እየተቀላቀለ ቀስ በቀስ ይብዛ። ክሉቩ ሙሉ በሙሉ የሚጸዳው መጨረሻ ላይ ነው። ጎተራው በአንዴ ሲወሰድበት እንስሳው ይደነግጣልና ከአዲሱ ምግብ ጥቂት እዚያው በነበረበት ቦታ ይቀመጥለት። ከበዓሉ በኋላም መመለሱ እንዲሁ ቀስ በቀስ ይሁን።

በኪፑርና በስግድ እኛ እንጾማለን፤ እርሱ አይጾምም። ለሰንበት ደግሞ አትክልቱ ዓርብ ተቆርጦ ቢቀመጥ ይቀላል።

የቤተሰቡ ጤና

ጤነኛ የሚመስል ኦጌር ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ጀርም በኩሱ ሊያወጣ ይችላል። በአሜሪካ ከ2003 መጨረሻ እስከ 2004 ከእንስሳት መደብር ከተገዙ ኦጌሮችና አይጦች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ተመዝግቧል፤ ከታመሙት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ክሉቩን ወጥ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ፤ የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት ሲንክ አትጠቡት። የኦጌሩ ሣህንና ቢላ ለብቻው ይሁን። የልጆች እጅ ከነኩት በኋላ፣ ምግብም ከሰጡት በኋላ፣ በሳሙና ይታጠብ። ኦጌርን መሳም፣ ዘርን በከንፈር ይዞ መስጠት የሚያስቅ ቢመስልም መከልከል አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብቻቸውን አይያዙት።

ለነፍሰ ጡሮች የተለየ ማሳሰቢያ አለን። ኦጌር ከተራ አይጥ የሚይዘው ኤል ሲ ኤም የሚባል ቫይረስ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። በ2005 በአሜሪካ ኦጌር ቤቷ ውስጥ ከነበረ ሟች አካል የተሰጣቸው አራት ሕሙማን በዚህ ቫይረስ ተይዘው ሦስቱ ሞተዋል። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሆኖም ነፍሰ ጡር እናት ክሉቩን እንዳታጸዳ፣ ሰጋቱራውን እንዳትነካ፣ ሥራውን ባል ወይም ታላቅ ልጅ እንዲወስድ ይመከራል። ኦጌር ቤት መኖሩንም ለጢፓት ሐላቭ ነርስ ንገሯት። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም አካል የተተካለት ሰውም ሐኪሙን ያማክር።

የእንስሳው እህል ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ይቀመጥ። ክፍት ከረጢት ብልና የሜዳ አይጥ ይጠራል፤ የሜዳ አይጥ ደግሞ ከላይ የተናገርነውን ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለኦጌሩ የተገዛው ማሽላ ለእኛ ከተገዛው ጋር እንዳይቀላቀል ስሙን ጽፎ መለጠፍ ይጠቅማል። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ልጁ ካተኮሰው ወደ ኩፓት ሖሊም ይወሰድ።

ሐኪም መቼ ይፈለጋል?

የጅራቱ አካባቢ በተቅማጥ ከራሰ፣ ከተኮማተረና ካልበላ የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ማየት አለበት፤ ይህ በሽታ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድለው ይችላል። አንድ ጉንጩ ብቻ አብጦ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ኪሱ ውስጥ የተጣበቀ ነገር ሊኖር ይችላልና በጣት ለማውጣት አትሞክሩ። ለሰው የተሰጠ መድኃኒት፣ ዳማከሴም ሆነ ፌጦ አትስጡት፤ በዚህ ሰውነት ልክ መጠኑን ማንም በዓይኑ መገመት አይችልም። ወደ ቬተሪናሩ ስትሄዱ ባለፉት ሁለት ቀናት የሰጣችሁትን ሁሉ፣ ልጆች በድብቅ የሰጡትንም ጠይቃችሁ፣ በወረቀት ጻፉ። ከጎተራውም ጥቂት በላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ከቃላችን ይልቅ ከዚያች ቋጠሮ ብዙ ያነባል።